የተገላቢጦሹ መዝገብ

«ልኬያለሁ ብላ ድርቅ አለች እንጂ አልላከችም። በልታበታለች» አለ የሰው ሀብት ኃላፊው። የቢሮው በር ገርበብ ብሏል። እኔ ኮሪደሩ ላይ ተንበርክኬ ከግድግዳው ሥር ያለውን የኔትወርክ ሶኬት እየቀየርኩ ነበርና ሳልፈልግ ሰማሁት። የሚያወራው ስለ እህቴ ነው። ከማን ጋር እንደሚያወራ አላየሁም፤ ብቻ የሻይ ማንኪያ ብርጭቆ ሲመታ ይሰማል። «ከመቶ ሃያ ተማሪ ለሃምሳ ሰባቱ የመግቢያ ደብዳቤ ደረሳቸው፣ ለስድሳ ሦስቱ አልደረሳቸውም። ምዝገባው አለፈ፣ ቦታቸው ለተጠባባቂ ተሰጠ። ኮምፒዩተር ሰው ይመርጣል እንዴ? የመረጠችው እሷ ናት። ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስብሰባ አለ፤ ከዚያ በኋላ ቁልፏን ታስረክባለች።» ማንኪያው ማማሰሉን ቀጠለ። «አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርታ!» አለ ሌላው ድምፅ። «እሱማ ነው የሚገርመው» አለ ኃላፊው፤ ከዚያ ስለ ቤት ኪራይ መወደድ ማውራት ጀመሩ።

ያስደነገጠኝ የእህቴ መነሳት ብቻ አይደለም። «ኮምፒዩተር ሰው ይመርጣል እንዴ?» ያላት ነገር ናት። ይመርጣል እንጂ። እንዴት እንደሚመርጥ የሚያውቅ አንድ ሰው በዚያ ግቢ ውስጥ ቢኖር እኔ ነኝ። ሶኬቱን ሁለት ብሎን ሳልመልስለት ተነሳሁ።

በማሠልጠኛ ተቋማችን ውስጥ «ስም አውጪ» ነው የሚሉኝ፤ በሥራዬ ሲያሾፉ ነው። እያንዳንዱ ኮምፒዩተር፣ ማተሚያና ካሜራ የራሱ ቁጥር አለው። ሰው ደግሞ ቁጥር አይያዝለትምና ለየቁጥሩ ስም እያወጣሁ እመዘግባለሁ። ይህ ዲኤንኤስ የሚባለው መዝገብ የሚተዳደርበት ፕሮግራም ሁለት ገጽ አለው። የመጀመሪያው ስም ሲጠየቅ ቁጥሩን ይናገራል። ሁለተኛው፣ ተገላቢጦሹ የምንለው፣ ቁጥር ሲጠየቅ ስሙን ይናገራል። በመጀመሪያው ላይ አንዲት ነጥብ ከተሳሳተች በደቂቃ ውስጥ ስልኬ ይጮኻል፤ የጥበቃው ካሜራ ጠፋ፣ የሒሳብ ክፍሉ አልከፍት አለ ይባላል። ሁለተኛውን ግን ሰው አይጠይቀውም። የሚጠይቁት ማሽኖች ናቸው፣ እነሱ ደግሞ ስልክ አይደውሉም። እንግዳ በፊት በር ስለሚገባ ጓሮውን ማንም እንደማይጠርገው ማለት ነው። ትልልቆቹ የኢሜይል ድርጅቶች ግን በጓሮ በኩል ነው የሚመጡት። ደብዳቤ ሲደርሳቸው «ይህ ቁጥር የማን ነው?» ብለው ተገላቢጦሹን ይጠይቃሉ። የሚሰጣቸው ስም ከላኪው ጋር ካልገጠመ አጭበርባሪ ነው ብለው ይመልሱታል። ትንንሾቹ አብዛኛውን ጊዜ ሳይጠይቁ ይቀበላሉ።

ከአሥራ ስምንት ቀን በፊት፣ ቅዳሜ ዕለት፣ የተቋሙን ደብዳቤ የሚልከውን ሰርቨር ወደ አዲስ ማሽን አዛውሬው ነበር። ሰኞ ጠዋት ዳይሬክተሯ ሠራተኛውን ሰብስባ «አንዲት ደቂቃ እንኳ ሳይቋረጥ!» ብላ አስጨበጨበችልኝ። ፎቶዬም ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጠፈ። እህቴ ከኋላ ሆና ከሁሉም በላይ ስታጨበጭብ አይቻታለሁ። ከዚያም ወደ መዝገብ ቤቷ ገብታ የመቶ ሃያውን ልጆች ደብዳቤ ስትልክ ዋለች። የዘንድሮው ማመልከቻ ስልክ ቁጥር እንኳ አይጠይቅም፤ ዘመናዊ ሆነናል ተብሎ ሁሉ ነገር በኢሜይል ብቻ ሆኗል።

ወደ ክፍሌ የሚወስደውን ደረጃ ስወርድ ያለፈው ሳምንት ማክሰኞ ትዝ አለኝ። እራት ላይ ነበርን። «ትንሹ» አለችኝ፣ «ደብዳቤ አልደረሰንም እያሉ የሚመጡ ልጆች አሉ። ሁለቴ ደግሜ ላክኩላቸው። እስቲ ከናንተ በኩል እንዳይሆን እይልኝ።» ትንሹ የምትለኝ እሷ ብቻ ናት። እናታችን ስትሞት እኔ የስድስት፣ እሷ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጆች ነበርን። አሁን ሠላሳ ስምንት ዓመት ሞልቶኝ፣ ፀጉሬ ከፊት ሸሽቶ፣ እንደ ድሮው ትንሹ ነኝ። ከስልኬ ላይ ቀና እንኳ ሳልል፣ «እትዬ፣ ሰው ኢሜይሉን መክፈት አይችልበትም እኮ። የቆሻሻ ሣጥናቸውን ይዩ በያቸው» አልኳት። «ይሁና» ብላ ሳህኑን አነሳች። ምዝገባው ሊዘጋ ሦስት ቀን ይቀረው ነበር። ያን ዕለት ብድግ ብዬ አይቼው ቢሆን ስድሳ ሦስቱም ልጆች በጊዜው ይገቡ ነበር።

ክፍሌ ደረጃው ሥር ነው። መስኮት የለውም። ሁለት ማቀዝቀዣዎች ቀን ከሌት ስለሚያጓሩ በበጋም ሹራብ ለብሼ እሠራለሁ፤ ሰው ሲገባ ጮክ ብሎ ነው የሚያወራኝ። ቆሜ ፕሮግራሙን ከፈትኩና ተገላቢጦሹን ገጽ አወጣሁ። ከአዲሱ ሰርቨር ቁጥር ትይዩ «የቤተ መጻሕፍት ማተሚያ ሁለት» ይላል። ማተሚያው ከተጣለ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል። ቁጥሩን ወስጄ ለደብዳቤ ላኪው ሰርቨር ስሰጥ የቀድሞውን ስም ሳልፍቀው ቀርቻለሁ። እህቴ ደብዳቤ በላከች ቁጥር ትልልቆቹ ድርጅቶች «ይህ ቁጥር የማን ነው?» ሲሉ፣ የእኔ መዝገብ «የማተሚያ ነው» እያለ ሲመሰክርባት ከርሟል። ቅዳሜ የመጀመሪያውን ገጽ ስሞላ ከግርጌው «ተገላቢጦሹንም አብረህ መዝግብ» የምትል ትንሽ ሣጥን ነበረች። ምልክቷን ያጠፋሁት ራሴ ነኝ። ባለፈው ወር ቀይ ስሕተት እያሳየች አስቸግራኝ ስለነበር «በኋላ በእጄ እመዘግበዋለሁ» አልኩ። በኋላ የሚሉት ጊዜ ደግሞ እኔ ዘንድ መጥቶ አያውቅም። ተቀባይ ያጡ ደብዳቤዎች ማስታወቂያ የሚገባበት ሣጥንም አለ። እሱን የሚያነበው እኔ ነኝ፤ ማለትም ማንም አያነበውም። ስከፍተው ከአንድ ሺህ በላይ ያልተነበበ ነገር አለበት። የልጆቹን አድራሻ አንድ በአንድ እያየሁ ወረድኩ፤ እያንዳንዱ ሦስት ሦስት ጊዜ ተመልሷል። እህቴ ሦስት ጊዜ ልካለች።

እጄ ከአሳቤ ቀደመ። ማተሚያውን ፋቅሁ፣ የደብዳቤ ላኪውን ትክክለኛ ስም ጻፍኩ፣ «አጽድቅ» የሚለውን ተጫንኩ። አንድ ደቂቃ አልፈጀም። ስድሳ ሦስት ልጅ ሜዳ ላይ የቀረበት፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሠራች ሴት ሌባ የተባለችበት ነገር አንድ ደቂቃ አልፈጀም። የውጭዎቹ የቀድሞውን መልስ ለአንድ ሰዓት ያህል ይዘው ይቆያሉ፤ ከምሳ በፊት ግን ሁሉም አዲሱን ያገኛል። መጀመሪያ የተሰማኝ፣ አልዋሽም፣ እፎይታ ነው። ደብዳቤው መሄድ ከጀመረ ጩኸቱም ይበርዳል፣ ውሾን ያነሳ ውሾ ተብሎ ያልፋል አልኩ በልቤ።

ቀጥሎ ኅሊናዬ ትንሽ ነቃ። ፕሮግራሙ ማን፣ መቼ፣ ምን እንደቀየረ የሚጽፍበት ዝርዝር አለው። የዛሬውን መስመር ከቅዳሜው ጋር በአንድ ወረቀት አተምኩት። ስሜ ሁለቴ አለበት፤ አንዴ ስሳሳት፣ አንዴ ሳርም። አራት አጥፌ የሸሚዜ ኪስ ውስጥ ከተትኩና ወደ ዳይሬክተሯ ቢሮ ወጣሁ። ጸሐፊዋ «ከወላጆች ጋር ናት፣ ቁጭ በል» አለችኝ። ከውስጥ ጩኸት ይሰማል። ፊት ለፊቴ ማስታወቂያ ሰሌዳው አለ፤ እኔም በፎቶዬ ሆኜ ጥርሴን ገልጬ ራሴን እያየሁ ነው። «አንዲት ደቂቃ እንኳ ሳይቋረጥ» ይላል ከሥሩ። ሩብ ሰዓት ያህል ተቀመጥኩ። በሩ ሊከፈት ሲል፣ ወላጆቹ እያሉማ አይሆንም፣ ከምሳ በኋላ ረጋ ባለች ጊዜ ይሻላል አልኩና ተነሳሁ። እነዚያ ወላጆች ፊት መናገር እንዳለብኝ አጥቼው አይደለም። ፈራሁ።

ክበቡ ውስጥ ሁልጊዜም የሚወራው ስለ ዋጋ ነው። ሻዩ ከሰኞ ጀምሮ እንደገና ጨምሯል፤ ዳቦው ዋጋው ባለበት ሆኖ መጠኑ አንሷል። «በሚቀጥለው ወር ጠረኑን ነው የሚሸጡልን» ይላል አንዱ የብየዳ መምህር፣ ሰው ይስቃል። እህቴ መስኮቱ ሥር ብቻዋን ተቀምጣለች። በሌላ ቀን ሦስት አራት ሴት የማይጠፋበት ጠረጴዛ ነው። ሁልጊዜ ጠዋት ሁለት የምሳ ዕቃ ታዘጋጃለች፣ ሰማያዊው የእኔ ነው፣ ነጩ የእሷ። ዛሬም ሰማያዊውን ከፊት ለፊቷ ባለው ወንበር ትይዩ አስቀምጣ ትጠብቀኛለች። ስቀመጥ ንግግሩ ጋብ አለ፤ ከዚያ ሁሉም ስለ ዳቦው ጮክ ብሎ ቀጠለ።

«ሰምተሃል አይደል?» አለችኝ።

«ሰማሁ።»

«እነሱ ይጠሩሃል። የጠየቁህን ብቻ መልሰህ ዝም በል። ወንድሟ ስለሆነ ነው ይሉሃል፣ ያንተም ሥራ አብሮ ይሄዳል።»

«እትዬ፣ እኔ እኮ...»

«ዝም በል አልኩህ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።» እንቁላሏን ልጣ ግማሹን ክዳኔ ላይ አደረገችልኝ። ከስድስት ዓመቴ ጀምሮ እንዲህ ነው የምታደርገው፣ ትልቁን ግማሽ ለእኔ። በላሁት። ወረቀቱ ኪሴ ውስጥ ደረቴን ይነካኛል። ዝም በል ብላኛለች፣ እሷው ናት ያለችው፣ እያልኩ ራሴን ሳባብል ምሳ ሰዓቱ አለቀ። ከዚያች ጠረጴዛ ስነሳ ፈሪ ብቻ አልነበርኩም፤ ለፍርሃቴ የእሷን ቃል ተገን ያደረግኩ ፈሪ ነበርኩ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተጠራሁ። የስብሰባው ክፍል ረጅም ጠረጴዛና እርስ በርሳቸው የማይመሳሰሉ ወንበሮች አሉበት፤ መጋረጃው አንድ ቀለበቱ ወልቆ ጎኑን ጥሏል። ዳይሬክተሯ ከራስጌ፣ የሰው ሀብት ኃላፊው በቀኟ፣ እህቴ ከግርጌ። ወላጆቹን ወክሎ አንድ ልብስ ሰፊ መጥቷል፤ ከሥራ ላይ ተነስቶ ኖሮ የሸሚዙ ኮሌታ ላይ ክር የተንጠለጠለበት መርፌ ሰክቷል። ልጁ ከስድሳ ሦስቱ አንዷ ናት። «እኔ ሴትዮዋ ይቀጡ አላልኩም» ይላል በተደጋጋሚ፣ «ልጄ ትግባ ነው ያልኩት። ሁለት ዓመት ስትዘጋጅ ነው የከረመችው።» ዳይሬክተሯ ለልጆቹ ከስድስት ወር በኋላ ቦታ እንደሚፈለግላቸው ነገረችው። «ስድስት ወር» አለና መርፌውን ነቅሎ መልሶ ሰካው።

እህቴ የላከችበትን ዝርዝር አትማ አምጥታለች፤ ሦስት ቀን፣ ሦስት ጊዜ፣ የሁሉም ስም። ኃላፊው በእስክሪብቶው ጫፍ ገፋ አደረገውና «ይሄ እኮ ከሷው ኮምፒዩተር የወጣ ነው» አለ።

ዳይሬክተሯ ወደ እኔ ዞረች። «እንግዲህ ባለሙያው አንተ ነህ። ወንድሟ መሆንህን እናውቃለን፣ ግን በሥራህ እናምንሃለን። ደብዳቤ ላኪው ላይ ችግር አለ?»

«አሁን የለም» አልኩ።

አሁን የምትለዋን ቃል ጨምሬ እውነት የተናገርኩ መሰለኝ። ማንም ልብ አላላትም። ዳይሬክተሯ ግን ጠንቃቃ ሰው ናት፤ «በዓይናችን እንይ» አለች። ኮምፒዩተሩ መጣ። ልብስ ሰፊውን የልጁን አድራሻ ጠየቀችው፣ ያው ልጅቷ ያመለከተችበትን፣ በስልኩ የሚከፍተውን። እህቴን ራሷን ከኮምፒዩተሩ ፊት አስቀመጠቻት። «ያን ዕለት እንደላክሽው አድርገሽ ላኪ።» እህቴ መነጽሯን አደረገች። በሁለት ጣቷ እየፈለገች የምትጽፍ ሴት ናት፣ ግን ፊደል አትሳሳትም። ላከች። ልብስ ሰፊው ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ያኔ ምን እንደሚሆን ገባኝ፤ ከሁሉም ቀድሞ ገባኝ። የልብስ ሰፊው ስልክ ጠረጴዛው ላይ ጢው አለች።

«ደረሰ» አለ ሰውየው። የተደሰተ አይመስልም።

ጠዋት ሳልነካው ሰው ጠርቼ ቢሆን ኖሮ ያቺ ስልክ ዝም ትል ነበር። ማሽኑ ራሱ ለእህቴ ይመሰክርላት ነበር። የነበራትን አንድ ምስክር እኔ ነኝ በአራት ሰዓት ገብቼ አፉን ያስያዝኩት። ስሕተቴ ደብዳቤዎቿን አስቀረ፤ እርማቴ ደግሞ ስሟን አጠፋ። እጄ ወደ ኪሴ ሄደ። ወረቀቱን በጨርቁ ላይ ዳሰስኩት። አንድ ቃል ነው የሚያስፈልገው፣ ምናልባት ሁለት። «ቆዩ እስቲ» ማለት። ኃላፊው «እንግዲህ ከዚህ በላይ ምን ይታያል?» ሲል፣ ዳይሬክተሯ ዓይኗን ስትጨፍን፣ ልብስ ሰፊው መሬት መሬት ሲያይ፣ ለመናገር ብዙ ቦታ ነበር። እህቴ ወደ እኔ አላየችም። ስልኩን ነው የምታየው። «ይኸው ደረሰ» አለች ቀስ ብላ፣ «ያን ዕለትም እንዲሁ ነበር የላክኩት። እንግዲህ ምን እላለሁ።» ቁልፎቹን ከቦርሳዋ አውጥታ አንድ በአንድ እየቆጠረች ጠረጴዛው ላይ ደረደረቻቸው፤ የመዝገብ ቤቱን፣ የሁለቱን ቁም ሣጥን፣ የማኅተሙን መሳቢያ። እኔም ተነስቼ ሶኬቱን ልጨርስ ሄድኩ። ሁለቱን ብሎኖች አሰርኳቸው። በቀኑ የሠራሁት ትክክለኛ ሥራ እሱ ነው።

ሌላ ጊዜ አብረን ነው ወደ ቤት የምንሄደው። ዛሬ ቀድማኝ ወጥታለች። ስገባ በሩ አጠገብ አንድ ፌስታል ቆሟል፤ የሻይ ኩባያዋ፣ ለዝናብ ቀን ቢሮ የምታስቀምጠው ጫማ፣ አንድ ደረቅ የማኅተም ቀለም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድ ፌስታል አልሞላም። ቤታችን ሁለት ክፍል ነው፤ በፊተኛው እኔ፣ በኋለኛው እሷ፣ መሃል ላይ የማይዘጋ በር። ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም፤ ከጎረቤት የራዲዮ ድምፅ ይመጣል። ቧንቧው ሥር ቆማ የምሳ ዕቃ ታጥባለች። ገበያ ምን እንደተወደደ ጠየቀችኝ፣ አላውቅም አልኳት። ውኃው ነገ ይጠፋል ብለዋል አለችኝ፣ እሺ ባልዲ እሞላለሁ አልኳት።

ወረቀቱን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው፣ ያኔ ምላሴ ተፈታ። ቅዳሜን፣ ትንሿን ሣጥን፣ ማተሚያውን፣ ያልተነበበውን ክምር፣ የጠዋቱን እርማት፣ ሁሉንም ነገርኳት። «እትዬ፣ ልከሻል። ሦስት ጊዜ ልከሻል። ይኸው፣ ስሜም ሰዓቱም አለበት። ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኳት። እያለቀስኩ እንደሆነ ያወቅኩት ወረቀቱ ላይ ሲንጠባጠብ ነው።

እጇን በጨርቅ አደረቀች። መነጽሯን አላደረገችም፣ ወረቀቱንም አላየችውም። እኔን ነው ያየችው። ከዚያ በስሜ ጠራችኝ። ትንሹ አላለችም፤ ደመወዝ መክፈያው ላይ ባለው በሙሉ ስሜ ነው የጠራችኝ፣ እንደ ሌላ ሰው። ከእሷ አፍ ሰምቼው አላውቅም ነበር።

«ለእኔ ምን ታሳየኛለህ?» አለች። «እኔ እንደሁ መላኬን አውቃለሁ።»

ወረቀቱን በያዘው እጥፋት መልሳ አራት አጠፈችው። የታጠበውን ሰማያዊ የምሳ ዕቃ ለነገ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አስቀምጣ ወረቀቱን ከሥሩ አደረገችው። ከዚያ ወደ ኋለኛው ክፍል ገባች። ነጩ መደርደሪያው ላይ ተደፍቶ ነበር።